ፎርማት ከመደረጉ በፊት

የሰኔ ወር በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዘንድ ፋታ የማይሰጥ ወር መሆኑ ይታወቃል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ተዘግቶ ሐምሌ 1 ቀን አዲሱ የሚጀምር በመሆኑ፣ የሒሳብ ሠራተኞች የዓመቱን ቀሪ ሥራ ሁሉ የሚያወራርዱት፣ የሚያመሳክሩትና የሚያትሙት በእነዚያ ጥቂት ቀናት ነው። በሐረር ከተማ በአቦከር ወረዳ ከሚገኙ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ፣ በእንዲህ ዓይነቱ የሰኔ ማለቂያ ሳምንት፣ የሒሳብ ክፍሉ ዋና ኮምፒውተር አልነሣም አለ። መብራት ጠፍቶ አድሮ ነበር። ጠዋት ሲበራ ማራገቢያው ይዞራል፣ የፊት መብራቱም ይበራል፤ ስክሪኑ ላይ ግን በጥቁር መደብ ላይ በነጭ ፊደል የተጻፈ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ብቻ ይታያል። ትርጉሙም «የሚያስነሣ ዲስክ አልተገኘም» የሚል ነው።

የክፍሉ ኃላፊ ለጡረታ ጥቂት ዓመታት የቀሯቸው እናት ናቸው። ለእርዳታ የተጠራው ወጣት ባለሙያ የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሹን በእጁ እንደያዘ «እትዬ፣ ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፤ ፎርማት አድርጌ ከምሳ በፊት አስረክብዎታለሁ» አላቸው። እሳቸውም በሐረር ሰው አነጋገር «አቦ፣ ያሻህን አድርግና ገላግለኝ! ብቻ የሦስት ዓመት ሒሳቤ እዚያው ውስጥ ነው» ብለው መለሱ። እኛ በቦታው የተገኘነው ለተግባር ልምምድ የተመደቡ ተማሪዎቻችንን ለመጎብኘት ነበር። ወጣቱ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ግማሽ ሰዓት እንዲሰጠን ለመንነው፤ ቅር እያለውም ቢሆን ፈቀደልን።

በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ የተገኘውን ነገር ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን። በቅድሚያ ግን፣ ውድ አንባብያን፣ አንድ የኮምፒውተር ድጋፍ ባለሙያ የተበላሸ ኮምፒውተር ፊት ሲቆም ሊያውቃቸው የሚገቡትን መሠረታዊ ነገሮች ከአካባቢያችን ሁኔታ ጋር እያገናዘብን ለመመልከት እንሞክራለን። አቋማችንንም ከወዲሁ እንናገር ዘንድ ይፈቀድልን፦ በአገራችን ፎርማት የምርመራ ምትክ ሆኖ ቆይቷል፤ ይህ ልማድ ያጠፋው ሰነድ ቫይረስ ካጠፋው አያንስም ብለን እናምናለን።

ፎርማት የሚያደርገው ምንድን ነው?

ሃርድ ዲስክን እንደ አንድ ትልቅ መዝገብ ቤት እናስበው። በመደርደሪያዎቹ ላይ ፋይሎች አሉ፤ በበሩ አጠገብ ደግሞ የትኛው ፋይል በየትኛው መደርደሪያ እንደሚገኝ የሚያሳይ ማውጫ ደብተር ተቀምጧል። ፈጣን የሚባለው ፎርማት የሚያደርገው ይህን ደብተር አንሥቶ በምትኩ ባዶ ደብተር ማስቀመጥ ነው። ፋይሎቹ ለጊዜው ከመደርደሪያቸው አልተነሡም፤ ሆኖም መዝገብ ቤቱ ባዶ ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ አዲስ የሚመጣው ሁሉ በአሮጌዎቹ ቦታ ላይ ይሰፍራል። በስህተት ፎርማት የተደረገ ዲስክ ምንም ሳይጻፍበት ወዲያው ተነቅሎ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ቢወሰድ፣ በማስመለሻ ፕሮግራሞች አማካይነት ብዙ ሰነድ ሊገኝበት የሚችለው በዚሁ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ በልማድ ፎርማት ከተደረገ በኋላ ወዲያውኑ አዲስ ዊንዶውስ ይጫናል። ይህም በብዙ ጊጋባይት የሚቆጠር ጽሑፍ ስለሆነ፣ ከሥሩ የዋለው ሰነድ ዳግመኛ አይገኝም።

ሙሉው ፎርማት ከዚህ የከፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ከቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ባሉት ስሪቶች፣ ሙሉ ፎርማት በዲስኩ ላይ ከዳር እስከ ዳር ዜሮ ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመለስ ነገር የለም። ኤስኤስዲ በሚባሉት ተሽከርካሪ አካል በሌላቸው ዲስኮች ላይ ደግሞ ፈጣኑ ፎርማት እንኳ አይታመንም፤ ዲስኩ ባዶ የተባለውን ቦታ በራሱ ጊዜ በውስጡ ስለሚያጸዳ ተስፋው የመነመነ ነው።

እንግዲህ ፎርማት ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ የለም ማለታችን አይደለም። ምክንያቱ ታውቆ፣ ሰነዱም ወደ ሌላ ዲስክ ተገልብጦ፣ ግልባጩም ተከፍቶ ከታየ በኋላ ፎርማት ማድረግ ነውር የለበትም። የምንቃወመው ከዚያ በፊት የሚመጣውን ነው።

መጠየቅና ማካፈል

የመጀመሪያው መሣሪያ ካቻቪቴ ሳይሆን ጥያቄ ነው። ኮምፒውተሩ ለመጨረሻ ጊዜ በደኅና የሠራው መቼ ነበር? ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ? ስክሪኑስ ቃል በቃል ምን አለ? ሦስተኛው ጥያቄ በተለይ ይዘነጋል። «ኮምፒውተሩ እምቢ አለ»፣ «ስታክ አደረገ»፣ «ሲስተም የለም» የሚሉት አነጋገሮች የተጠቃሚውን ምሬት እንጂ የማሽኑን ሁኔታ አይገልጹም። ስለዚህ መልእክቱን በወረቀት መገልበጥ ወይም በስልክ ፎቶ ማንሣት ይገባል።

የአጠያየቁ ነገርም ቀላል አይደለም። «ምን ነክተው ነው?» ብሎ የሚጀምር ባለሙያ በዕድሜ የሚበልጡትን ሰው ተከሳሽ ስላደረጋቸው፣ የሚያገኘው መልስ «ምንም አልነካሁም» የሚል ብቻ ይሆናል። «ትናንት እንዴት ሆኖ ዋለልዎ?» ብሎ የጠየቀ ግን ታሪኩን ከነዝርዝሩ ይሰማል። የአቦከሯ ኃላፊ በዚህ መንገድ ሲጠየቁ፣ ማንም ያልጠየቃቸውን አንድ ነገር ጨምረው ነገሩን፦ ከጥቂት ወራት ወዲህ፣ መብራት ጠፍቶ ባደረ ቁጥር፣ ማሽኑ ጠዋት ላይ ኤፍ 1 የሚለውን ቁልፍ ካልተጫኑ አልቀጥልም ይላቸው ነበር። «እጫንለታለሁ፤ ይቀጥላል» አሉ። ይህን አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን።

ከጥያቄው ቀጥሎ የሚመጣው የማካፈል ዘዴ ነው። አንድ ብልሽት ከአሥራ ስድስት ክፍሎች በአንዱ አለ እንበል። ክፍሎቹን ተራ በተራ ብንፈትሽ እስከ አሥራ አምስት ጊዜ ልንደክም እንችላለን። በእያንዳንዱ ፍተሻ የቀሩትን ለሁለት የሚከፍል ጥያቄ ብንመርጥ ግን አራት ፍተሻ ይበቃል፤ ለ1024 ክፍሎች እንኳ አሥር ፍተሻ በቂ ነው። ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ፣ ሌላ ሥራ ላይ ያለ ሞኒተር ከነገመዱ አምጥቶ መሰካት ጉዳዩን በአንድ ጊዜ ለሁለት ይከፍለዋል። ከሠራ ጥፋቱ ከሞኒተሩና ከገመዱ ወገን ነው፤ ካልሠራ ከሣጥኑ ወገን ነው። ራሙን፣ ዲስኩንና ፓወር ሰፕላዩን በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ግን ማሽኑ ቢነሣለትም የትኛው እንደነበር ሊያውቅ አይችልም፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል።

የተለወጠውም ይጻፋል። እ.ኤ.አ. መስከረም 9 ቀን 1947 በአሜሪካ ሃርቫርድ ማርክ 2 በሚባለው ኮምፒውተር ላይ ይሠሩ የነበሩ ባለሙያዎች፣ በአንዱ የኤሌክትሪክ ማገናኛ ውስጥ ተጣብቃ የሞተች የእሳት ራት አግኝተው በሥራ ደብተራቸው ላይ በፕላስተር ለጥፈዋታል። ደብተሩ ዛሬም በሙዚየም ይገኛል። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንግሊዝኛው የፕሮግራም ስህተትን በነፍሳት ስም ስለሚጠራ ነው፤ ቃሉ ግን ከዚያ በፊትም በመሐንዲሶች ዘንድ የነበረ ነው። እኛን የሚያስቀናን የእሳት ራቷ ሳትሆን ደብተሩ ነው። ከስንት መሥሪያ ቤቶቻችን ውስጥ የኮምፒውተር ብልሽት ደብተር ይገኛል?

መብራት

ኮምፒውተር ፈጽሞ ሞቶ ሲገኝ ምርመራው ከግድግዳው ሶኬት ይጀምራል። በሶኬቱ ላይ የስልክ ቻርጀር ይሰካል፤ ቀጥሎ ዲቫይደሩ፣ ቀጥሎ ዩፒኤሱ፣ ቀጥሎ ከሲፒዩው ኋላ የሚገባው ገመድ ይፈተሻል። (ሲፒዩ ስንል በልማድ እንደዚያ የምንጠራውን ሣጥን ማለታችን ነው፤ እውነተኛው ሲፒዩ በሣጥኑ ውስጥ ያለ አንድ ቺፕ ነው።) ጽዳት ሲደረግ የተነቀለ ገመድ ስንት የጥገና ደብዳቤ እንዳስጻፈ የሠራበት ያውቀዋል።

የአገራችን መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ሞገዱ በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ አንዱ ዙር 20 ሚሊ ሴኮንድ ይፈጃል። ፓወር ሰፕላዩ ይህን ኃይል ወደ 12፣ ወደ 5ና ወደ 3.3 ቮልት ይለውጠዋል፤ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮችም ጥቂት ኃይል ስለሚያጠራቅሙ፣ መብራቱ ለ16 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ቢቋረጥ ኮምፒውተሩ አይሰማውም። ተራው ዩፒኤስ ከመስመር ወደ ባትሪ ለመሸጋገር በአብዛኛው ከ10 ሚሊ ሴኮንድ ያነሰ ጊዜ ስለሚበቃው፣ ሁለቱ ተገጣጥመው ይሠራሉ። ካፓሲተሮቹ ሲያረጁ ግን ይህ ትርፍ ጊዜ እያጠረ ይሄዳል። ስለዚህ ዩፒኤስ እያለ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር የሚጠፋ ኮምፒውተር ቢያጋጥመን፣ ዩፒኤሱን ከመውቀሳችን በፊት አንድ አምፖል ሰክተንበት ከግድግዳው እንንቀለው። አምፖሉ ሳይጠፋ ከቀጠለ ጥርጣሬው ወደ ፓወር ሰፕላዩ ይዞራል። አምፖሉ ወዲያው ከጠፋ ደግሞ የዩፒኤሱ ባትሪ ዕድሜውን ጨርሷል ማለት ነው፤ እነዚህ የእርሳስ ባትሪዎች በተለመደው አያያዝ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሚያገለግሉ ሲሆን፣ ሙቀት ዕድሜያቸውን ያሳጥረዋል።

በዩፒኤስ ላይ ሌዘር ፕሪንተር መሰካት በየቢሮው የምናየው ስህተት ነው። ሌዘር ፕሪንተር የቀለሙን ዱቄት በወረቀቱ ላይ የሚያቀልጥበት ማሞቂያ ስላለው፣ በሞቀ ቁጥር በመቶዎች የሚቆጠር ዋት በአንዴ ይስባል። ዩፒኤሱ ይጮኻል፤ ወይም ሁሉንም ያጠፋል። በመኖሪያ ቤትም ተመሳሳይ ነገር አለ፦ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ስለሚወስድ፣ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት በዚያው መስመር ላይ ያለው ቮልት ዝቅ ይላል። «ኮምፒውተሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ይታመማል» ያለን አንድ ተማሪ ነበር፤ ቅዳሜ የእንጀራ ቀን ነበረ።

መብራት ከጠፋ በኋላ ተመልሶ የሚመጣበት ቅጽበት ከመጥፋቱ የበለጠ አደገኛ ሊሆን ይችላል። በሠፈሩ ያለው ማቀዝቀዣና ሞተር ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲነሣ ቮልቱ ይዋዥቃል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ማብሪያውን መዝጋት፣ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ይጠቅማል። በክረምት መብረቅ ሲኖር ደግሞ የኤሌክትሪኩን ብቻ ሳይሆን የስልኩንም መስመር መንቀል ያስፈልጋል፤ በስልክ መስመር ገብቶ ሞደም የሚያቃጥል መብረቅ ኮምፒውተሩንም ላይምር ይችላል።

«ሲፒዩው ይነዝረኛል» የሚለው አቤቱታስ? ይህ ብዙ ጊዜ የሽቦ መገለጥ አይደለም። በፓወር ሰፕላዩ መግቢያ ላይ የኤሌክትሪክ ረብሻን ለማጣራት የሚደረጉ ትናንሽ ካፓሲተሮች ከሁለቱም ሽቦዎች ወደ ሣጥኑ ብረት የተያያዙ ናቸው። የመሬት ሽቦ ካለ በእነሱ በኩል የሚያልፈው ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ከሌለ ግን ብረቱ ከመስመሩ ግማሽ ያህል፣ ማለትም ወደ 110 ቮልት ይጠጋል። የሚያልፈው መጠን እጅግ ትንሽ ስለሆነ ይነዝራል እንጂ በአብዛኛው አይጎዳም። ሆኖም መሬት የሌለው ሕንፃ እውነተኛ ሽቦ በተገለጠ ጊዜ መከላከያ የለውምና፣ ጉዳዩ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ መነገር አለበት።

አቧራን በተመለከተ አጭር ቃል ይበቃናል። ከበራ በኋላ አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ ሠርቶ በድንገት የሚጠፋ ኮምፒውተር፣ በአብዛኛው የማቀዝቀዣው ክንፎች በአቧራ ታፍነውበት ራሱን ከቃጠሎ የሚያድን ነው። ከመብራት ነቅሎ በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ነው። ሲበራ እየደጋገመ የሚጮኽና ስክሪኑ ባዶ የሚሆን ደግሞ ራሙ ተነቅሎ፣ የወርቃማ ጥርሶቹ ንጣፍ በእርሳስ ላጲስ ቀስ ተብሎ ተጠርጎ፣ ተመልሶ ቢሰካ ብዙ ጊዜ ይነሣል።

«ቫይረስ በላው»

ፍላሽ ዲስክ ተሰክቶ ሲከፈት ፎልደሮቹ ሁሉ አቋራጭ ምልክት ሆነው ይገኛሉ፤ ወይም ምንም ነገር አይታይም። ባለቤቱም «ቫይረስ በላብኝ» ይላል፤ አጠገቡ ያለው ሰው ፍላሹን ፎርማት እንዲያደርግ ይመክረዋል። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በዚህ ምክር ያጡ ተማሪዎች እናውቃለን።

ከምክሩ በፊት አንድ ቁጥር ማየት ይበቃ ነበር። በፍላሹ ምልክት ላይ የማውሱን የቀኝ ቁልፍ ተጭኖ ስለ ይዘቱ የሚናገረውን ገጽ ሲከፍቱ፣ ምን ያህል ቦታ እንደተያዘ ይታያል። ባዶ በሚመስል ፍላሽ ላይ ሦስት ጊጋባይት ተይዞ ከተገኘ ፋይሎቹ አልተበሉም፤ ተሰውረዋል። እንዲህ ያለው ቫይረስ እውነተኛዎቹን ፎልደሮች «የተሰወረ» እና «የሲስተም» የሚል ምልክት ያደርግባቸውና፣ በምትካቸው በስማቸው አቋራጭ ይፈጥራል። ባለቤቱ አቋራጩን ሲጫን መጀመሪያ የሚነሣው ቫይረሱ ነው። መፍትሔውም የተሰወሩ ፋይሎችን አሳይ የሚለውንና የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን ምርጫ በየተራ ማስተካከል፣ ወይም «አትሪብ» በተባለው ትእዛዝ ምልክቶቹን ማንሣት፣ ከዚያም ሰነዶቹን ብቻ መርጦ ወደ ንጹሕ ቦታ መገልበጥ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን አቋራጩን አለመንካት ያስፈልጋል። ፍላሹ ፎርማት የሚደረገው ከዚያ በኋላ ነው።

ቀድሞ ፍላሽ ገና እንደተሰካ ቫይረሱ በራሱ ይነሣ ነበር። ማይክሮሶፍት ይህን በራስ የመነሣት ጠባይ በዊንዶውስ 7 ላይ ለፍላሽ ዘግቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ለኤክስፒና ለቪስታ ማስተካከያ ልኮ ነበር። በአቋራጩ ዘዴ ግን አሁን በሩን የሚከፍተው ተጠቃሚው ራሱ ሆኗል። በነገራችን ላይ የኤክስፒ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2014፣ የዊንዶውስ 7 በ2020፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም በጥቅምት 2025 ያበቃ ስለሆነ፣ በእነዚህ ላይ የሚሠራ መሥሪያ ቤት ፍላሽን በሚመለከት ከሌላው የበለጠ መጠንቀቅ ይኖርበታል።

«ፊደሉ ጠፋ»

ከዚህ ጋር የሚቀራረብ፣ ነገር ግን ቫይረስ ያልሆነ ጉዳይ አለ። የቆየ የአማርኛ ደብዳቤ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። ብዙዎች ፋይሉ ተበላሽቷል ብለው ያጠፉታል፤ ፋይሉ ግን ደኅና ነው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሰንጠረዥ ውስጥ ከ300 በላይ ምልክቶች ይዞ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች ፊደላችንን ለላቲን በተመደቡት ቁጥሮች ላይ ማስቀመጥ ነበረባቸው። በአንድ ፎንት ውስጥ ያለው ቦታ ከ256 ስለማይበልጥም አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት ከፋፍለውታል። እንዲህ ባለ ፋይል ውስጥ የተጻፈው ቁጥሩ ነው፤ ቁጥሩን «ሀ» አድርጎ የሚያሳየው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ሲጫን ደብዳቤው ይመለሳል። ዘላቂው መፍትሔ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ሲሆን፣ ለዚህ የሚረዱ መለወጫ ፕሮግራሞች አሉ።

«ኔትወርክ የለም»

ይህች ሐረግ ቢያንስ አራት የተለያዩ ብልሽቶችን ትሸፍናለች። ገመዱ ወይም ዋይፋዩ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል፤ ኮምፒውተሩ አድራሻ አላገኘ ይሆናል፤ የቢሮው መውጫ ማለትም ራውተሩ ወደ ውጭ አላሳለፈ ይሆናል፤ ወይም ስምን ወደ ቁጥር የሚተረጉመው አገልግሎት አልሠራ ይሆናል። በዚህ ቅደም ተከተል መመርመር ነው። በገመዱ መግቢያ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ካልበራች ሌላውን መጠየቅ አያስፈልግም። የኮምፒውተሩ አድራሻ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ፣ አድራሻ የሚሰጠው ስላጣ ለራሱ ያወጣው ነው። አድራሻው ደኅና ከሆነ «ፒንግ» በሚለው ትእዛዝ መጀመሪያ ራውተሩን፣ ቀጥሎ አንድ የውጭ አድራሻ በቁጥር፣ በመጨረሻ በስም እንጠራለን። በቁጥር መልሶ በስም ዝም ካለ ኢንተርኔቱ አልጠፋም፤ የጠፋው ተርጓሚው ነው።

ለሐረር አንድ ተጨማሪ ነገር እንበል። በጀጎል ውስጥ ያሉት ጥንታዊ ቤቶች ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያላቸው በመሆኑ የዋይፋይ ሞገድ በቀላሉ አያልፋቸውም። በተለይ ፈጣኑ የ5 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ከ2.4 ጊጋ ኸርዙ ይልቅ በግድግዳ ይሸነፋል። ስለዚህ በአንዱ ክፍል ደኅና የሚሠራ ላፕቶፕ በሚቀጥለው ክፍል «ኔትወርክ የለም» ቢል አያስደንቅም። እስከ 100 ሜትር ድረስ ገመድ መዘርጋት የተሻለ ነው፤ ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ ግን ገመዱ ግድግዳ እየበሳ ሳይሆን በበርና በመስኮት በኩል መንገድ ይፈለግለታል።

ሰዓቱ

አሁን ወደ ሒሳብ ክፍሉ እንመለስ። ኤፍ 1 የሚለውን ቁልፍ በሰማን ጊዜ ወደ ኮምፒውተሩ ባዮስ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት ማሽኑን ወደሚያዘጋጀው ፕሮግራም ገብተን ቀኑን ተመለከትን። ማሽኑ ከተሠራበት ዓመት ጥር 1 ቀን ይላል፤ በእ.ኤ.አ. አቆጣጠር። ከበራበት ሰዓት ጀምሮ ብቻ ነበር የሚቆጥረው።

በየማዘርቦርዱ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት፣ ሳንቲም የምትመስል የ3 ቮልት ባትሪ አለች። ሥራዋ ሰዓቱን ማስኬድና በብዙ ማሽኖች ላይ የባዮሱን ምርጫዎች ማስታወስ ነው። ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ከሶኬት ካልተነቀለ፣ ፓወር ሰፕላዩ ጥቂት ኃይል ስለሚያቀብል ባትሪዋ ታርፋለች። መብራት ሲጠፋ ወይም ዲቫይደሩ ማታ ማታ ሲዘጋ ግን ሸክሙ በሙሉ የእሷ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ቶሎ የምታልቀውም፣ ማለቋም የሚታወቀው መብራት ጠፍቶ ባደረ ማግስት የሆነውም ለዚህ ነው።

የተሳሳተ ሰዓት ብቻውን ብዙ ጣጣ አለው። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት የምስክር ወረቀት የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን ስላለው፣ ቀኑ ወደ ኋላ በቀረ ኮምፒውተር ላይ ሁሉም ገጽ «አስተማማኝ አይደለም» ይባላል። በእኛ አገር ይህ ያለ ባትሪ ድካምም ይመጣል። አንድ ሰው ዓመቱን ለማስተካከል ብሎ የኢትዮጵያን 2017 ሲያስገባ፣ ማሽኑ የሚረዳው እ.ኤ.አ. 2017 ብሎ ነው፤ ስለዚህ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው ብሎ 3 ያስገባ ደግሞ ማሽኑን ስድስት ሰዓት ያዘገየዋል። ይህ ለኢንተርኔቱ ብዙ ላያስቸግር ይችላል፤ በአንድ ሰርቨር የሚተዳደር የቢሮ ኔትወርክ ግን በተለመደው አሠራሩ ከአምስት ደቂቃ የበለጠ የሰዓት ልዩነት ያለውን ኮምፒውተር አያስገባም። ተጠቃሚውም የይለፍ ቃሌ ተቀየረብኝ ብሎ ያመለክታል።

በአቦከሩ ማሽን ላይ ግን የጠፋው ሰዓት ብቻ አልነበረም። ኮምፒውተር ከዲስክ የሚነሣባቸው ሁለት መንገዶች አሉ፤ አንደኛው የቆየው፣ ሁለተኛው ዩኢኤፍአይ የሚባለው አዲሱ ነው። በዚህ ማሽን ላይ ዊንዶውስ 7 ሲጫን የቆየው መንገድ ተመርጦ ነበር። ባትሪዋ ስትዳከም ለወራት ሰዓቱን ብቻ እያጣች ቆይታ፣ በዚያች ሌሊት ግን ምርጫዎቹም ጠፉና ባዮሱ ወደ ፋብሪካ ስሪቱ፣ ማለትም ወደ አዲሱ መንገድ ተመለሰ። በአዲሱ መንገድ ሲፈልግ በዲስኩ ላይ የሚያውቀው ነገር ስላላገኘ «የሚያስነሣ ዲስክ የለም» አለ። ዲስኩ ምንም አልሆነም ነበር።

ወጣቱ ባለሙያ እንዳሰበው ፎርማት አድርጎ ቢሆን ኖሮ ምን ይከተል ነበር? አዲሱ ዊንዶውስ በአዲሱ መንገድ ይጫናል፤ ማሽኑም ይነሣል። «አላልኩም? ዊንዶውሱ ነበር» ይል ነበር። የተሳሳተው ምርመራ በተሳካ ውጤት ይረጋገጥለትና፣ የሦስት ዓመቱ ሒሳብ ጠፍቶ፣ የደከመችው ባትሪ በቦታዋ ትቀር ነበር። ልማዱ ሥር የሰደደው ፎርማት አብዛኛውን ጊዜ ስለሚሠራ ነው።

የነሣውን ምርጫ ወደ ነበረበት መለስን፤ ዊንዶውሱ ተነሣ። ከማንኛውም ነገር በፊት ኃላፊዋ ሰነዶቻቸውን ወደ ውጫዊ ዲስክ እንዲገለብጡ አደረግን፤ ሁለቱንም ፋይሎች ከፍተው አዩ። ከዚያ ማሽኑ ተነቅሎ ባትሪዋ ወጣች፤ በመልቲሜትር ስትለካ ከ2 ቮልት ጥቂት ከፍ ትላለች። ወጣቱ ራሱ ወደ ገበያ ወርዶ አዲስ ገዝቶ መጣ፤ ቀኑንም እ.ኤ.አ. አስገባ። ከተቀመጠበት ሳይነሣም «እትዬ፣ ሌሎቹስ ጠዋት ምን ይላሉ?» ብሎ ጠየቃቸው። ከዚያ ማሽን ጋር አብረው ከተገዙት ኮምፒውተሮች ሁለቱ ኤፍ 1 ይጠይቁ ነበር።